አንድ መሳቢያ፣ አምስት ስም፦ ሄሊዮቲስ፣ ሄሊኮቨርፓና ክሎሪዲያ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የአንድ ተቋም የነፍሳት ክምችት ያደራጃሉ። በአንድ መሳቢያ ውስጥ መልካቸው የተቀራረበ ቡናማ የእሳት እራቶች አሉ፤ መለያ ወረቀቶቻቸው ግን አምስት ዓይነት ናቸው፦ ሄሊዮቲስ አርሚጄራ፣ ሄሊዮቲስ አርሚጀር፣ ሄሊዮቲስ ኦብሶሌታ፣ ክሎሪዲያ ኦብሶሌታ እና ሄሊኮቨርፓ አርሚጄራ። ሁለት የስም ዝርዝሮች ቢያገላብጡ ደግሞ አንዱ የሄሊዮቲስ ታይፕ ዝርያ (የወገኑ ስም የሚታሰርበት ዝርያ) ዲፕሳሲያ ነው ይላል፣ ሌላው ቪሪፕላካ ነው ይላል። «ሰው ሁሉ የሚያውቀው አርሚጄራን ነው፤ ታዲያ ታይፕ የሆነው ለምን እሱ አይደለም? መጨረሻ ላይ የትኛውን ስም ልጻፍ?» ሲሉ ጠይቀዋል። አያይዘውም ታይፕ ዝርያውን የመረጠው ሰው ራሱ ነፍሳቱን አሳስቶ ለይቶ ቢሆንስ ብለዋል።

መልሱን አስቀድሜ ልስጥዎት። ከአሜሪካ አህጉር ውጭ የተሰበሰቡት፣ መለያቸው በምርመራ ከተረጋገጠ፣ ሄሊኮቨርፓ አርሚጄራ ተብለው ይጻፋሉ። ከአሜሪካ የመጡት ለብቻ ይቀመጡ፤ ምክንያቱን በኋላ እነግርዎታለሁ። ስለ ታይፕ ዝርያው ሁለቱም ዝርዝሮች ልክ ናቸው።

አምስቱ ወረቀቶች የተለያዩበት ምክንያት አንድ አይደለም። ሄሊዮቲስ፣ ክሎሪዲያ ወይስ ሄሊኮቨርፓ የሚለው የወገን (የጂነስ) ጉዳይ ነው። አርሚጄራ ወይስ ኦብሶሌታ የሚለው የዝርያ ስም ጉዳይ ነው። አርሚጄራ ወይስ አርሚጀር የሚለው ደግሞ የላቲን ሰዋስው ብቻ ነው። ሦስቱ ተደባልቀው ሲመጡ ነው ራስ የሚያዞሩት፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታይፕ ዝርያን ከዚህ በኋላ ዋቢ ዝርያ እለዋለሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዋቢ ዝርያን የወገኑ ምርጥ ምሳሌ አድርጎ በመውሰድ ነው። በብዛት የሚታየው፣ በጉዳቱ ስሙ የገነነው ወይም የወገኑን ጠባይ አሟልቶ የያዘው መሆን የለበትም። ሥራው ስሙን አንድ ቦታ ላይ ማሰር ነው። ወገኑ እንደ ድንኳን ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል፤ ካስማው ግን ከተተከለበት አይነቀልም። ወገኑ ለሁለት ቢከፈል ዋቢው ያለበት ክፍል የድሮውን ስም ይዞ ይቀራል፤ ሌላው ክፍል ለራሱ ዋቢ ያለው ሌላ ስም መፈለግ አለበት።

ሄሊዮቲስን በ1816 ያቋቋመው ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ኦክሰንሃይመር ነው። ሰውየው የታወቀ የመድረክ ተዋናይም ነበር። በዚያ ዘመን ለአዲስ ወገን ዋቢ ዝርያ መሰየም ግዴታ አልነበረም፤ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ ይህን የሚያስገድደው ከ1930 በኋላ ለታተሙ የወገን ስሞች ነው። ኦክሰንሃይመርም ዝርያዎቹን ዘርዝሮ አለፈ። ከዝርዝሩ ውስጥ ፋሌና ዲፕሳሲያን (ፋሌና የእሳት እራቶች ይመደቡበት የነበረ የጥንት ሰፊ ወገን ስም ነው) ዋቢ አድርጎ የመረጠው ከእሱ በኋላ የመጣ ጸሐፊ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ በትክክል የመረጠው ሰው ምርጫ ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ምርጫ፣ ምንም ያህል የተሻለ ቢመስል፣ ዋጋ የለውም። አርሚጄራ በጥጥ፣ በበቆሎ፣ በቲማቲምና በሽምብራ ላይ የምታደርሰው ጉዳት ዓለም ያወቀው መሆኑ (በአማርኛ ጓይ ትል የምንላት እሷን ነው) በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። የዝና ውድድር ቢሆን ኖሮ በየሃምሳ ዓመቱ ዋቢ እንቀይር ነበር።

አሁን ዲፕሳሲያና ቪሪፕላካ። ስዊድናዊው ሊኒየስ ፋሌና ዲፕሳሲያ የሚለውን ስም ያወጣው በ1767 ነው። ሁፍናጌል የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ግን ያንኑ ነፍሳት በ1766 ፋሌና ቪሪፕላካ ብሎት ነበር። በቀዳሚነት ሕግ የአንድ ዓመት ብልጫ ይበቃል፤ ዛሬ የሚሠራበት የዝርያ ስም ቪሪፕላካ ነው፤ ዲፕሳሲያ ተደራቢ ስም፣ ማለትም ቀድሞ ስም ላለው ዝርያ ኋላ የወጣ ስም፣ ሆኗል። ነገር ግን ወገኑ ሲመሠረትም ሆነ ዋቢው ሲመረጥ የተጻፈው ዲፕሳሲያ ነው። ደንቡ በአንቀጽ 67 እንደሚለው የዋቢ ዝርያው ስም ተደራቢ ሆኖ ቢወድቅ እንኳ በዋቢነቱ ሲጠቀስ አይለወጥም። ስለዚህ አንደኛው ዝርዝር በዋቢነት የተሰየመውን ስም ሰጠዎት፣ ሁለተኛው ያ ነፍሳት ዛሬ የሚጠራበትን። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምጽፈው፦ ዋቢ ዝርያ ፋሌና ዲፕሳሲያ ሊኒየስ፣ 1767፤ ዛሬ የሚሠራበት ስሙ ሄሊዮቲስ ቪሪፕላካ (ሁፍናጌል፣ 1766)። አንዱን ብቻ የሚያስቀምጡ ዝርዝሮች እንደ እርስዎ ያለውን አንባቢ ያለ ጥፋቱ ያንገላታሉ።

ቀጥሎ የወገኑ ወሰን። እዚህ ሦስት ስሞች አሉ፣ ሦስቱም በየራሳቸው ዋቢ የታሰሩ። ሄሊዮቲስ በ1816፣ ክሎሪዲያ በ1841 በደንከንና ዌስትዉድ፣ ሄሊኮቨርፓ በ1965 በካናዳዊው ሃርድዊክ ተቋቋሙ። የክሎሪዲያ ዋቢ በ1797 ፋሌና ሬክሲዬ የተባለችው ናት፤ እሷም በ1777 የነፍሳት ሊቁ ፋብሪሲየስ ቪረሴንስ ያላት የአሜሪካዋ የትምባሆ ትል ሆና ተገኘች። ያው የዲፕሳሲያ ታሪክ ነው፤ ዋቢው በተደራቢ ስሙ ተጠርቶ ቀርቷል። ሄሊኮቨርፓ ከ1930 በኋላ የመጣ ስለሆነ ዋቢውን ይዞ ነው የተወለደው፤ በእሱ ላይ ክርክር የለም።

ሃርድዊክ የአርሚጄራን ቡድን ከሄሊዮቲስ የለየው በዋናነት በብልት ክፍሎች ነው፤ በተለይ በወንዱ የብልት ክፍል ውስጥ ያለው ከረጢት ሲነፋ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ረጅም ሆኖ በማግኘቱ። ለይቶ ሲያበቃ ሄሊዮቲስ የሚለው ስም ወዴት ይሂድ የሚለው የእሱ ምርጫ አልነበረም። ስሙ የታሰረው በቪሪፕላካ ነውና እዚያው ቀረ፤ በሺህ የሚቆጠሩ የግብርና ጽሑፎች ሄሊዮቲስ እያሉ ሲጠሯት የኖሩት አርሚጄራ አዲስ ስም ይዛ ወጣች። የሰብል ተመራማሪዎች አልወደዱትም፤ ብዙዎቹ ለዓመታት በድሮው ስም ቀጠሉ። በስያሜ ጉዳይ ስሙ የገነነው ቶድም በ1978 ባወጣው ዝርዝር ሁሉንም በሄሊዮቲስ ሥር ነው ያቆያቸው። ልብ ይበሉ፣ ቶድ ደንብ አልጣሰም። ወገኑን ሰፋ አድርጎ የሚያይ ሰው ሄሊዮቲስ አርሚጄራ ቢል በስያሜ ደንብ ፊት ፍጹም ልክ ነው፤ ሃርድዊክም ልክ ነው። ደንቡ የሚነግረን አንድ ወሰን ከተሰጠ በኋላ ስሙ ማን እንደሚሆን ነው፤ ወሰኑ የት ይሁን የሚለውን የሚወስነው የነፍሳቱ አካልና ዝምድና ነው። ዛሬ ብዙኃኑ የሃርድዊክን ወሰን ተቀብሏል፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የማይታይ ጉድጓድ አለ፤ ከወረቀቶችዎ ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝም ክሎሪዲያ ኦብሶሌታ የሚለው ነው። የእንግሊዙ ሃምፕሰን በ1903 የአርሚጄራን ዓይነቶች በክሎሪዲያ ሥር አስቀመጣቸው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጻፉ ብዙ ጽሑፎችና መለያ ወረቀቶች እሱን ተከተሉ። ከዚያ ክሎሪዲያ የሚለው ስም ለረጅም ጊዜ ተኛ። በ2013 አሜሪካዊው ፖግ የአካል ቅርጽንና ሦስት ጂኖችን አጣምሮ መርምሮ ስሙን መልሶ አነሳው፤ በዚህ ጊዜ ግን ለቪረሴንስ ቡድን ብቻ። ዋቢዋ እሷ ናትና ስሙ የሚገባው ለእሷ ቡድን ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? በ1910 የተጻፈ «ክሎሪዲያ» እና በ2015 የተጻፈ «ክሎሪዲያ» ፊደላቸው አንድ፣ ይዘታቸው የተለያየ ነው። የድሮ ወረቀት አይቶ «አሃ፣ ይህማ አዲሱን ምደባ የተከተለ ነው» የሚል ሰው አርሚጄራን ከትምባሆ ትል ዘመዶች ጋር ይደረድራታል። የወገን ስም ሲያነቡ ዘመኑንም አብረው ያንብቡ።

እግረ መንገዴን፣ ነገ አንድ ተመራማሪ የአርሚጄራና የቪረሴንስ ቡድኖች አንድ ወገን ናቸው ቢልና ሄሊዮቲስን ከዚያ ውጭ ቢያደርግ፣ የጋራ ስማቸው ክሎሪዲያ ይሆናል፤ ከሄሊኮቨርፓ በ124 ዓመት ይቀድማልና። ሄሊዮቲስንም ጨምሮ ሁሉንም አንድ ቢያደርጋቸው ደግሞ 1816 ይገዛል። ዋቢዎቹንና ዓመታቱን ካወቁ ማንኛውም ምደባ ቢመጣ ስሙን ራስዎ ማውጣት ይችላሉ፤ ሰው መጠየቅ አያስፈልግዎትም።

ወደ ኦብሶሌታ እንምጣ። ፋብሪሲየስ በ1793 ቦምቢክስ ኦብሶሌታ የሚል ስም አወጣ። ችግሩ፣ ራሱ ፋብሪሲየስ በ1775 ለሌላ የእሳት እራት ያንኑ ስም፣ በዚያው ወገን፣ ሰጥቶ ነበር። ሁለት ሞክሼ ስሞች በአንድ ወገን ውስጥ ሲወለዱ ኋለኛው ለዘለዓለም ውድቅ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ወደ ተለያዩ ወገኖች ቢዛወሩም አይነሳም። ስለዚህ ኦብሶሌታ በየትኛውም ወገን ስም ቢታጀብ አይሠራም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን ይህ ስም ለአሜሪካዎቹም ከአሜሪካ ውጭ ላሉትም ነፍሳት አንድ ላይ ያገለግል ነበር፤ አንድ ዝርያ መስለዋቸው ነበርና።

አንድ አለመሆናቸው የታወቀው በ1950ዎቹ ነው። ኮመን በ1953 የአውስትራሊያዎቹን ሲመረምር የብልት ክፍሎች ልዩነት እንደሚሰጡ አሳየ፤ ቶድ በ1955 የአሜሪካው የበቆሎ ትል የራሱ ዝርያ መሆኑንና ስሙም «ዚያ» መሆን እንዳለበት ጻፈ። «ዚያ» የሚለው ስም ከ1850 ጀምሮ ነበር፤ ቦዲ የሚባል ሰው ያወጣው በአንድ የአሜሪካ ገበሬዎች መጽሔት ላይ ነው። ስም ሳይንሳዊ በሆነ መጽሔት መውጣት አለበት የሚል ደንብ የለም፤ ታትሞ ከወጣና መግለጫ ካለው ይቆጠራል።

የእርስዎን የአሜሪካ ናሙናዎች ለብቻ ያድርጉ ያልኩት ለዚህ ነው። የድሮ ሰዎች የሚያደርጉትን ልንገርዎት፦ ወረቀቱ ኦብሶሌታ ካለና ቦታው አሜሪካ ከሆነ «ዚያ»፣ ሌላ ቦታ ከሆነ አርሚጄራ። ለአሮጌ ናሙና ይህ እስካሁን እንደ መነሻ ያገለግላል፤ ነገር ግን በ2013 አርሚጄራ ብራዚል ውስጥ መኖሯ ይፋ ሆነ፤ በኋላም «ዚያ» ከተባለችው ዝርያ ጋር የተዳቀሉ ናሙናዎች እዚያው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ለተሰበሰበ የደቡብ አሜሪካ ናሙና ቦታው ብቻውን ምስክር አይሆንም። ክንፍ በማየት ሁለቱን መለየትም አይቻልም፤ የሚሞክሩ አሉ፣ አልመክርም። በወንዱ የብልት ከረጢት ሥር ያሉት ጉብታዎች ናቸው የሚለዩአቸው፦ በአርሚጄራ አንድ፣ «ዚያ» በተባለችው ሦስት። ሌሎች ዘመዶችም መሳቢያው ውስጥ ተደባልቀው ሊሆን ይችላል፤ አሱልታ በእስያና በአፍሪካ፣ ፑንክቲጄራ በአውስትራሊያ።

አርሚጀር የሚለው ወረቀት ቀላሉ ነው። በላቲን ቅጽል የሆነ የዝርያ ስም ከወገኑ ስም ጋር በጾታ መስማማት አለበት። በአንድ ወቅት ሄሊዮቲስ ተባዕታይ ነው የሚል ክርክር ተነሳና አንዳንድ ጸሐፊዎች ስሙን ወደ አርሚጀር ለወጡት። ነገሩ ወደ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን ሄደ፤ ኮሚሽኑ በ1985 በውሳኔ ቁጥር 1312 ሄሊዮቲስ አንስታይ ነው ብሎ ዘጋው። ሄሊኮቨርፓም አንስታይ ነው። እንግዲህ በየትኛውም መንገድ አርሚጄራ ነው የሚባለው። አርሚጀር የሚል ወረቀት ካዩ ሌላ ዝርያ አይደለም፤ ይልቁንም ጽሕፈቱ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ይጠቁምዎታል።

የአርሚጄራ ዓመትም ያምታታዎት ይሆናል፦ 1805፣ 1808፣ 1809 እየተባለ ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜም በማዕዘን ቅንፍ። ስሙን ያወጣላት ሂውብነር ነፍሳቷን ያሳተማት በሥዕል ገጽ ላይ ሲሆን የሥዕል ገጾቹ ዓመት ሳይጻፍባቸው በየጊዜው በጥራዝ ይወጡ ነበር። ቅንፉ ዓመቱ በገጹ ላይ እንዳልተጻፈና በሌላ ማስረጃ እንደተገመተ ያመለክታል። አንዱን ይምረጡና በክምችቱ ሁሉ እሱኑ ይጠቀሙ፤ እኔ [1808] እጽፋለሁ። ሂውብነር የሚለው ስም በክብ ቅንፍ የሚገባው ደግሞ መጀመሪያ ኖክቱዋ በሚለው ወገን ሥር ስላወጣት ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ። ዋቢውን የመረጠው ሰው አሳስቶ ለይቶ ቢሆንስ? ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለሄሊዮቲስም ባዶ ጭንቀት አይደለም። ማሪቲማ የምትባለው የቪሪፕላካ ቅርብ ዘመድ ስም ያገኘችው በ1855 ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለቱን የሚለይ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም በአሮጌ ክምችቶች ተደባልቀው ይገኛሉ። የ1816ቱ ሰው በእጁ ማሪቲማን ይዞ ዲፕሳሲያ ብሎ ቢሆንስ?

የደንቡ አንቀጽ 70 የሚጀምረው ጸሐፊው በትክክል ለይቷል ብለን እንድንነሳ በማዘዝ ነው። በተጨባጭ ማስረጃ ካልተነካ በቀር ይህ ግምት ይጸናል፤ «ሊሆን ይችላል» ማለት ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ከተገኘ፣ ማለትም የጸሐፊው ናሙናዎች ተርፈው ሌላ ዝርያ ሆነው ከተገኙ፣ ከ2000 ጀምሮ የሚሠራበት የደንቡ እትም ተመራማሪው ራሱ እንዲወስን ይፈቅድለታል፦ የተጻፈው ስም ወይም በእጅ የነበረው ነፍሳት፣ ከሁለቱ የስያሜን መረጋጋት የሚጠብቀውን መርጦ በግልጽ ያሳትማል። ቀድሞ ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ጉዳይ ወደ ኮሚሽኑ ማመልከትና ለዓመታት መጠበቅ ነበር። በሄሊዮቲስ ጉዳይ ቪሪፕላካም ሆነ ማሪቲማ በየትኛውም ምደባ አንድ ወገን ውስጥ ስለሆኑ መልሱ የቱም ቢሆን የአርሚጄራ ስም አይነካም። የዋቢ ስህተት አደገኛ የሚሆነው ሁለቱ ዝርያዎች በተለያዩ ወገኖች ውስጥ ሲወድቁ ነው።

ሌሎች መሳቢያዎችም እንደሚጠብቁዎት ስለምገምት፣ ዋቢ ሲያጣሩ የሚያጋጥሙ ወጥመዶችን ልጥቀስ። በዝርዝር መጀመሪያ ላይ መጻፍ ዋቢ አያደርግም፤ የድሮ ጸሐፊዎች ግን እንደዚያ የሚወስዱ ነበሩ። «ለምሳሌ እንደ እገሌ ያለ» ማለትም ምርጫ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ዝርያዎች አንዱ ብቻ እስኪቀር ሌሎቹ ወደ ሌላ ወገን ቢዛወሩ፣ የቀረው በዚያ ብቻ ዋቢ አይሆንም። መጀመሪያ በወገኑ ውስጥ ያልተካተተ ዝርያ፣ ምንም ያህል ቢመስልም፣ ዋቢ ሊሆን አይችልም። አንዳንድ ጽሑፍ ደግሞ ራሱ አይቆጠርም፤ ሂውብነር በ1806 ያወጣት አጭር የስም ዝርዝር ወረቀት እያንዳንዱን ወገን ከአንድ ዝርያ ጋር ስላስቀመጠች ለዋቢ ፈላጊ ታጓጓለች፤ ኮሚሽኑ ግን በ1926 በውሳኔ ቁጥር 97 ውድቅ አድርጓታል።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለቱ የተጋጩ የወገን ስሞች ዋቢያቸው አንድ መሆን አለመሆኑን ይዩ። የፖም ትል የምትባለው ፖሞኔላ፣ ሲዲያ፣ ላስፔይሬዥያና ካርፖካፕሳ በሚሉ ሦስት ወገኖች ስም ትገኛለች። ሲዲያ (1825) እና ካርፖካፕሳ (1829) ሁለቱም የታሰሩት በእሷው በፖሞኔላ ነው፤ እዚህ አስተያየት ቦታ የለውም፣ ካርፖካፕሳ ወዲያው ይወድቃል። የሂውብነር ላስፔይሬዥያ ደግሞ በ1817 የወጣ ሞክሼ ስላለው ይወድቃል። ብራውን በ1979 ይህን ሲያስረዳ ነገሩ አለቀ። ሄሊዮቲስ፣ ክሎሪዲያና ሄሊኮቨርፓ ግን ሦስት የተለያዩ ዋቢዎች ስላሏቸው ሰነድ ብቻ አይፈታቸውም፤ ነፍሳቱን ማየት ይጠይቃሉ።

ለመሳቢያዎ እንግዲህ፦ የድሮ ወረቀት አንድም አያንሱ፤ በመርፌው ላይ ከሥር አዲስ ወረቀት ይጨምሩ፣ «ሄሊኮቨርፓ አርሚጄራ (ሂውብነር፣ [1808])» ብለው የለየውን ሰው ስምና ዓመቱን ያክሉ። ስሙን ብቻ አይተው ከሄሊዮቲስ ወደ ሄሊኮቨርፓ ካዛወሩት፣ ሳይመረምሩ እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ይታወቅ። የአሜሪካዎቹን ወንዶች ሆዳቸውን ነቅለው በ10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ያለስልሱ፣ ከረጢቱን ነፍተው ጉብታዎቹን ይቁጠሩ፤ የብልት ክፍሉን በግሊሰሪን ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከናሙናው በታች በዚያው መርፌ ላይ ያኑሩት። ሴቶቹንና ሆዳቸው የወደቀውን ዝርያቸውን ሳይወስኑ «ሄሊኮቨርፓ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብለው ይተዉአቸው።